ኮፍያ አስወላቂው ኦቦ ዲሪርሳ

በየከተማው አንድ የድንጋይ ዘመድ አይጠፋም። ሰው ሲሞት ቀብር ሊቀር ይችላል፤ አሮጌ ግድግዳ ሲሰነጠቅ ግን ቀድሞ ይደርሳል። ቡራዩም አለ፣ ሱሉልታም አለ። የሰበታው ግን ከሁሉ ይብሳል፤ ጎረቤቴ ናቸዋ! ክቡርነታቸው ኦቦ ዲሪርሳ ይባላሉ፤ የከተማችን ኮሌጅ ግንበኛ ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው።

ኦቦ ዲሪርሳ አሮጌ ቤትን አንቱ ይላሉ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ! በኮሌጁ የድንጋይ ቤተ መጻሕፍት በኩል ኮፍያህን እንዳደረግክ ካለፍክ አለቀልህ። "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ኮፍያህን አውልቅ! ሽማግሌ ፊት ነህ!" ይሉሃል፣ ተማሪው ሁሉ እየሰማ። እኔ ደግሞ ራሰ በራ ነኝ። ያ ቤተ መጻሕፍት ስንት ጊዜ በፀሐይ እንዳስጠበሰኝ እግዜር ይቁጠረው።

አምና ለቀብር ወደ ጫንጮ አብረን ስንሄድ ሱሉልታ ላይ ሚኒባሱን አስቆሙ። ምን ሆኑ ብንል፣ ለአንድ የድሮ ወፍጮ ቤት "እንዴት ሰነበቱ?" ሊሉ ነው! ጣሪያው የረገፈ፣ ፍየል የሚያድርበት ወፍጮ ቤት! ሾፌሩ ተሳደበ፣ ቀብሩም አመለጠን። እሳቸው ጭራሽ እኔኑ ተቆጡኝ፤ "እሳቸው እኮ ታመዋል፤ ታማሚ አይጠየቅም?"

ባለሱቋ ስንዱ የእንጨት መስኮቷን በአልሙኒየም የቀየረች ጊዜማ ደጇ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጡ። ድንኳን መትከል ብቻ ነበር የቀራቸው።

ዘንድሮ ግን የባሰ መጣ። መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ የሚፈርሱት አጥሮች ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገ። ኦቦ ዲሪርሳ ሰጉ፤ አፍራሾቹ ተሳስተው ቤተ መጻሕፍቱን እንዳይነኩ ምልክት ላድርግበት አሉ። መልካም። ግን በምን? በቀይ ቀለም! ግድግዳው ላይ ይህን የሚያህል ክብ ሳሉበት። "ቀይ ከሩቅ ይታያል" ይላሉ። ኧረ የሰው ያለህ! በዚህ አገር ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል እኮ!

ማክሰኞ ጠዋት ኤክስካቫተሩ መጣ። ኦፕሬተሩ ቀዩን አየ፣ በረንዳውን ገመሰው። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ኦቦ ዲሪርሳ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ማሽኑ ፊት ተገትረዋል። "ያጠፋሁት እኔ ነኝ! እሳቸውን ተዋቸው!" ኦፕሬተሩ ደንግጦ ሞተሩን አጠፋ።

ደሜ ፈላ። "ሰው ዕድሜ ልኩን ጠብቆ በአንድ ጣሳ ቀለም ያስፈርሳል?" ብዬ ሰው ፊት ጮኽኩባቸው። የወደቀውን ድንጋይ አንድ በአንድ ለቅመው ጥግ ላይ ደረደሩና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሳምንት ሙሉ አልወጡም። እኔም ኮፍያዬን እንዳደረግኩ በዚያ በኩል አለፍኩ፤ ማንም ምንም አላለኝም። እፎይ እላለሁ ብዬ ነበር፣ ጭር ሲልብኝ ግን ሆዴ ባባ። ይባስ ብሎ ኮሌጁ፣ በረንዳው እስከ ሰኔ ካልተጠገነ ቀሪውም ይፍረስ አለ። ያንን ድንጋይ በኖራ መልሶ የሚያቆም እጅ ደግሞ በሰበታ አንድ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው አዴ ድንቅቱ በሩን ከፈቱልኝ፤ "እህልም እምቢ ብሏል" አሉኝ። ኦቦ ዲሪርሳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ይቅርታ መጠየቅ አልሆንልኝ ሲል፣ ኮፍያዬን አወለቅኩ።

"ኦቦ ዲሪርሳ" አልኩ፣ "እሳቸው እኮ ታመዋል። ታማሚ አይጠየቅም?"

ቀስ ብለው ዞሩ። ራሰ በራዬን ትኩር ብለው አዩት።

"ኖራውን ማን ያቦካል?" አሉ።

ይኸው ሁለተኛ ሳምንቴ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ኖራ አቦካለሁ። ኮፍያ ላድርግ ብላቸው፣ ምን እንዳሉኝ ታውቃላችሁ።