«ቅርጹን እየው!» የሚለኝ ጎረቤቴ

ሙያ የሰውን ዓይን ይከፍታል የሚሉ ሰዎች ጎረቤቴን አያውቁትም። እኔ እንዳየሁት ሙያ ሰውን ያሳውራል። ልብስ ሰፊ ሠርግ ሄዶ ሙሽራዋን ሳይሆን የቀሚሷን ስፌት አይቶ ይመጣል። መካኒክ የታመመ ዘመዱን ሐኪም ቤት እያደረሰ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል። ከሁሉም ግን የፊደል ቀራጭ ይብሳል፤ ፊደል የሌለበት ቦታ የለማ! እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የካዛንቺሱ የደረሰው ለእኔ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በአንድ የቀበሌ ግቢ፣ ግድግዳ ተጋርተን።

ክቡር አቶ ፋኑኤል ይባላል። «ክቡር»ን የጨመርኩለት እኔ ነኝ። ከሃያ ዓመት በፊት ለኮምፒውተር የሚሆን ፊደል ቀርጾ «ሩሐማ» ብሎ ሰየማት። ሴት ልጅ ብትኖረው ሊያወጣላት ያሰበው ስም ነው። የሰፈራችን መድኃኒት ቤት ታፔላ እሷ ናት፣ የሠርግ ካርዱ እሷ ናት፣ ስታዲየም ዙሪያ የሚሸጠው የታክሲ ስቲከርም እሷው ናት። ሁሉም በፍላሽ እየተቀባበለ ወሰዳት እንጂ አንድ ሰው እንኳ አላስፈቀደውም። እሱ በዚህ አይናደድም። የሚናደደው ሲለጥጧት ነው።

አሁን ደግሞ ወንድምና እህት እየጨመረላት ነው። ቀጭኗን ጨርሶ ወፍራሟን ጀምሯል። «ኮምፒውተሩ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ራሱ ያወፍር የለ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩት። ምነው አፌን በዘጋው! «እሱ ማወፈር ነው? ማሳበጥ ነው እንጂ! የ‹መ› ሁለት ዓይኖች ሲደፈኑ አላየህም?» ብሎ ጮኸብኝ። ስለዚህ ከሦስት መቶ በላይ ፊደላት፣ አንድ በአንድ፣ በማውስ እየጎተተ እንደገና ይቀርጻል። ሁለት ዓመት ሆነው።

ችግሩ ምንድነው፣ ይህ ሰው ፊደል ያያል እንጂ አያነብም።

አንድ ቀን ምሳ ልጋብዘው ደምበል አካባቢ ወሰድኩት። ሜኑውን ተቀብሎ ሩብ ሰዓት ሲያገላብጥ ቆየ። አስተናጋጇ «ምን ልታዘዝ?» ስትለው፣ «ይሄ ሦስት ዓይነት ፊደል እዚህ ምን ይሠራል?» አላት። ልጅቷ ወጥ ቤት ገብታ ተመለሰችና «ይቅርታ፣ አልቋል» አለችው።

የእህቴ ልጅ ስታገባ የጥሪ ካርዱን በእጄ ሰጠሁት። በማግስቱ በጠዋት በሬን አንኳኳ። «አስመላሽ፣ በጣም አዝናለሁ» አለኝ። ክው አልኩ፤ ማን ሞተብኝ ብዬ። «ሩሐማን አጣመዋታል» አለ፣ ካርዱን እያሳየኝ። ሠርጉ ላይም አልመጣም። ለምን ቀረህ ስለው «መቼ ነበር?» አለኝ። ምን ብትሉት መልሱ አንድ ነው፦ «እሱን ተወውና ቅርጹን እየው!»

ይህን ሁሉ ችዬዋለሁ። ያለፈው ማክሰኞ ግን ሌላ ነው።

ከሐሙስ ጀምሮ ጉልበቴ ተነስቶብኝ ቤት ተኝቼ ነበር። የግቢያችን ሰዎች አንድ በአንድ ለቀው ሁለታችን ብቻ ቀርተናል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ክቡርነታቸው ስልካቸውን ይዘው ፊታቸው በርቶ ገቡ።

«አስሜ፣ አታምንም! ግቢያችን በር ላይ ሩሐማን ለጥፈዋታል። ርዕሱን ግን በቁልፍ አሳብጠውታል። ወፍራሟን ቶሎ መጨረስ አለብኝ።»

«ምን ይላል?»

«ምኑ?»

«ማስታወቂያው ነዋ!»

«እኔ ምን አውቄ። ዓርብ ነው ፎቶ ያነሳሁት። እሱን ተወውና...»

ስልኩን ነጠቅኩት። ኧረ በስመአብ! ግቢው ይፈርሳል ይላል። ምትክ ቤት የሚፈልግ ነዋሪ ወረዳው ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርቦ ይመዝገብ ይላል። የመጨረሻው ቀን ማክሰኞ፣ አሥራ አንድ ሰዓት። ዛሬ! ይህ ሰው አራት ቀን ሙሉ ፎቶውን እያሰፋ የፊደል ዓይን ሲመረምር ከርሟል።

«አንተ ሰው፣ ሜዳ ላይ ልትጥለኝ ነው?» አልኩት። እያነከስኩ ወጣሁ፣ ታክሲ አስቆምኩ፣ እሱንም ጎትቼ አስገባሁት። መንገዱን ሙሉ ስሰድበው ሄድኩ። በልቤም ማልኩ፦ በቃ፣ ከእንግዲህ ከዚህ ሰው ጋር አንድ ግድግዳ አልጋራም።

መመዝገቢያው ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ደረስን። ራሕዋ የምትባል ትሁት ወጣት ፎርም ሰጠችን። በጉልበቴ ምክንያት ደረጃ የማያስወጣ፣ ግራውንድ ላይ ያለ ቤት ጠየቅኩ። «ዕድለኛ ነዎት ጋሼ፣ አንድ ብቻ ቀርታለች» አለችኝ። ፎርሙ ላይ «ጎረቤትዎ እንዲሆን የሚፈልጉት ሰው ካለ ስምና ምክንያት ይጻፉ» የሚል ቦታ አለ። እግዜር ራሱ የላከልኝ መሰለኝ! በትልቁ «የለም» ብዬ ጽፌ አስረከብኩ።

ፋኑኤል እስክሪብቶ ተውሶ ጎንበስ አለ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በእጁ ሲጽፍ አይቼው አላውቅም። ራሕዋ ፎርሙን ተቀበለችው፣ አዞረችው፣ ገለበጠችው፣ በመጨረሻ ወደ እኔ ገፋችው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይቺን ያነቡልኛል?»

ጉድ! ለከተማው ሁሉ ፊደል ያደለ ሰው የእጅ ጽሑፉ ዶሮ የጫረው ነው! ዓይኔን አጥብቤ ለቀምኩት። ስም፦ «አስመላሽ»። ምክንያት፦ «ስለ ፊደል ሳወራ የሚሰማኝ እሱ ብቻ ነው»።

በቁሜ ደነገጥኩ። እኔ? እኔ እኮ እሱ ሲያወራ ምሳዬን እያሰብኩ ራሴን ብቻ ነው የምነቀንቀው። ሰምቼው አላውቅም ልል ነበር። ለካ ታክሲ ውስጥ እየተሳደብኩ እንኳ በመስኮት የማየውን ታፔላ ሁሉ፣ ይቺ ሩሐማ ናት፣ ይቺ አይደለችም፣ ይቺን ለጥጠዋታል እያልኩ ስለይ ነበር። ለካ ይህን ሰው እወደዋለሁ። እኔው ራሴ አላመንኩም።

«የእኔን ፎርም አንዴ መልሺልኝማ» አልኳት።

ራሕዋ ምን ላደርግ እንደሆነ ገባት መሰለኝ አሳሰባት። «ጋሼ፣ ጎን ለጎን የቀሩት ቤቶች አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ሊፍት የለውም። ጉልበትዎስ?»

«ስጪኝ ልጄ፣ ሰዓቱ ሳይሞላ» አልኳት።

«የለም» የሚለውን ሰርዤ «ፋኑኤል» ብዬ ጻፍኩ። ከፊቱ ባዶ የነበረውን የምክንያት ቦታም ሞላሁ፦ «ማስታወቂያ የሚያነብለት ሰው ያስፈልገዋል»።