ቺፍ ኤፊዮም የማያዩት ሰው

የሙያ ማኅበር በቆመበት ሁሉ፣ ደንቡን ካረቀቁት ይልቅ ደንቡን የሚያፈቅር አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። ሊቀመንበር ይመጣል፣ ሊቀመንበር ይሄዳል፤ ሽማግሌው ግን እንደ ጣሪያ ማገር እዚያው ነው። የዚያች የክሮስ ወንዝ ዳር ከተማ ጠበቆች ማኅበር ማገሩ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው የዘላለም ጸሐፊ፣ ክቡር ቺፍ ሰር ባሪስተር ኤፊዮም ኦቱ ነበሩ።

በአገሩ ወግ ጥቁር ካባ፣ ነጭ የአንገት ጨርቅና የፈረስ ፀጉር ዊግ ያላደረገ ጠበቃ ዳኛው አፍንጫ ሥር ቢቆምም፣ ዳኛው “አይታየኝም” ይላል። ለሌላው ይህ የችሎት አነጋገር ነው። ለቺፍ ኤፊዮም ግን የተፈጥሮ ሕግ ነበር። አንድ ጊዜ ከሌጎስ የመጣ ስመ ጥር ጠበቃ ባለ አበባ ከረቫት አስሮ እጁን ቢዘረጋላቸው፣ እርጥብ ጃንጥላቸውን ክንዱ ላይ ሰቅለውበት አለፉ።

ወጣቷ ጠበቃ ንኮዮ እንደ ሁሉም ሰው ስቃለች። የኢንያንግ ነገር ግን ሳቋን ያቆመው ነበር።

ኢንያንግ የቺፍ ኤፊዮም የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበሩ፤ በአንድ ወንበር ተቀምጠው የተማሩ። ከሰባት ዓመት በፊት ስማቸው ከጠበቆች መዝገብ ሲሰረዝ፣ መስመሩን ያሰመረው የቺፍ ብዕር ነው። በማግስቱ በፍርድ ቤቱ በር ላይ “ደህና አደርክ፣ ኤፊዮም” አሉ። ቺፍ ወደ ዘበኛው ዞረው፣ “በሩን ዝጋው እንጂ፣ ነፋስ ገባ” አሉት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተዛመተ። መጀመሪያ ጠበቆቹ ሰላምታ ተዉ። ቀጥሎ የአፋንግ ወጥ ሻጯ የእሳቸውን ሳህን መሙላት ትረሳ ጀመር። ታክሲ አልቆም አላቸው። በመጨረሻ ለማንም የማይመለሰው የግቢው ውሻ እንኳ ሲያልፉ ቀና አይልም አሉ። ኢንያንግ ግን በየጠዋቱ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው ችሎቱ ውስጥ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ንኮዮ ባዶ መስሏት ፋይሎቿን እዚያ አስቀመጠች። ስታነሣቸው ከሥራቸው የሰው ጉልበት ነበር።

ሰው የሚኖረው በዓይኑ ብቻ አይደለም፤ በሌላው ዓይንም ነው። ይህን ንኮዮ በዚያ ዝናባም ሐሙስ ተማረችው።

ደንበኛዋ አሱኮ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ያለ ፍርድ አሥራ አራት ወር ታስሮ ደም እያሳለ ነበር። በማግስቱ ፍርድ ቤቱ ለሁለት ወር ይዘጋል። ዛሬ ዋስትና ካልተፈቀደለት እስከ መስከረም አይደርስም። እሷ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ከኦሮን ስትሻገር ማዕበል ጀልባዋን ሲያንገላታት፣ ካባና ዊግ የያዘው ሻንጣዋ ወንዝ ገብቷል።

“የአሱኮ ጠበቃ አልቀረቡም?” አሉ ዳኛው።

“እዚህ ነኝ፣ ክቡርነትዎ! ካባዬ ወንዝ ውስጥ...”

“ድምፅ እሰማለሁ። ጠበቃ ግን አይታየኝም።”

አሱኮ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ አንገቱን አስግጎ ይፈልጋት ጀመር። ዓይኑ ፊቷ ላይ ደረሰና ሳይቆም አለፈ። “እህቴ፣ አልመጣሽም እንዴ?” አለ።

ወደ ባልደረባዋ ዞረች። “ኤከንግ፣ ካባህን ለአምስት ደቂቃ ብቻ!”

“ቺፍ እያዩ?” አለ ኤከንግ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። “እኔም እንድጠፋልሽ ነው?”

አልፈረደችበትም። “የተውሶ ካባ የተሰረቀ ፊት ነው፤ ያዋሰም ከመዝገብ ይሰረዛል” የሚለውን ደንብ የጻፉት እዚያ ፊተኛው ረድፍ የተቀመጡት ቺፍ ራሳቸው ናቸው።

ያን ጊዜ ቺፍ ኤፊዮም ተነሡ። የአርባ ዓመት ላብ ያበለዘውን ዊግ አውልቀው ራሷ ላይ ደፉላት። ካባውንም አለበሷት።

“ቺፍ፣ ደንቡስ?”

“ቅጣቱን ከእኔ የበለጠ ማን ያውቀዋል? ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ልጄ።”

“እታይዎት ነበር ማለት ነው?”

“ያልታየኝ ሰው መቼ ነበረና!”

ዳኛው፣ “አሁን ጠበቃዋ ታዩኝ፤ ይቀጥሉ” አሉ። ንኮዮ ተከራከረች፤ ዋስትናው ተፈቀደ። ልታመሰግን ዞር ስትል የፊተኛው ረድፍ ባዶ ነው። ቺፍ ባዶ ራሳቸውን የመጨረሻው አግዳሚ ጋ ቆመዋል። ኢንያንግ ጠጋ አሉላቸው።

“ደህና አደርክ፣ ኢንያንግ።”

“ለአንዲት ሰላምታ መልስ ሰባት ዓመት?”

“እያረቀቅኩት ነበር” አሉ ቺፍ፣ እየተቀመጡ።

የችሎቱ ጸሐፊ መጣና የመዝገብ ክምሩን ቺፍ ጉልበት ላይ አስቀምጦ ሄደ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ቺፍ የራሳቸውን ስም በራሳቸው ብዕር ሰረዙ፤ መስመሩ እንደ ኢንያንግ መስመር ቀጥ ያለ ነበር። ከዚያ ወዲህ ንኮዮ በበለዘው ዊግ ችሎት ስትገባ አንዴ ለዳኛው፣ አንዴ ወደ ኋላ ዞራ እጅ ትነሣለች። ጀማሪ ጠበቆች ለግድግዳ የምትሰግድ ይመስላቸዋል። ቦርሳቸውን እዚያ አግዳሚ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ግን እጃቸውን ትይዛለች።

“ኧረ ቀስ” ትላቸዋለች፤ “ጨዋታ ይዘዋል።”