የእኩልነት ጆንያ

የመኪና ስፖርት ክለቡ የማመጣጠን ኮሚቴ ሊቀመንበር ፍትሕን የሚወዱት በአፋቸው ብቻ አልነበረም። እቤታቸው ሻይ ሲቀዳ ብርጭቆዎቹን አሰልፈው፣ ጎንበስ ብለው ልካቸውን በዓይናቸው ካላስተያዩ ማንም አይጠጣም። ሻዩ እስኪመጣጠን ይቀዘቅዛል፤ ቤተሰቡም ቀዝቃዛ ሻይ በእኩልነት ይጠጣል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ባለበት ክለብ፣ በተራራው ራሊ ላይ አንዲት ባለትንሽ ሞተር መኪና ባለትልልቆቹን ስትቀድም ዝም ሊባል ነው? ይባስ ብሎ የትንሿ መኪና ሹፌር የሊቀመንበሩ የገዛ ልጅ ነበረች።

«በምድቦች መካከል ያለው የውጤት ክፍተት፣» አሉ ሊቀመንበሩ ለጉባኤው፣ «አቅምን ባገናዘበና ዘላቂነት ባለው አሠራር ይጠባል!»

ተጨበጨበ። አሠራሩም ቀላል ነበር፦ በሙከራው ዕለት የፈጠነ አሸዋ ይጫንበታል፣ የዘገየ ሸክም ይቀነስለታል። ይህን የሰማ ሹፌር ምን ያደርጋል? ሊቀመንበሩ ይህን አላሰቡትም፤ ጨዋ ሰው ናቸዋ!

የሙከራው ዕለት የታየው ዝግታ መቼም አይረሳም። የክለቡን ትልቁን መኪና የሚነዳው ኮንትራክተር ዳገቱን ቀብር እንደሚሸኝ ሰው ወጣው። ዳቦ የተሸከመች ሴትዮ በእግሯ አለፈችው፤ እሱም መስኮቱን አውርዶ የቤተሰቧን ደህንነት ጠየቃት።

«ምነው ጌታዬ፣ መኪናዋን አመማት እንዴ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ኧረ ነፍሴ እስክትወጣ ነው የነዳሁት!» አለ፣ ያላላበውን ግንባሩን እየጠረገ። «እባክዎ፣ ትንሽ ያቅልሉልኝ።»

ሊቀመንበሩ አንጀታቸው ተንሰፈሰፈ። መለዋወጫ ጎማው ወረደለት፣ ገመዱ ወረደለት።

«አካፋውስ?»

«ይውረድልኝ! ወደኋላ የሚጎትተኝ እሱ አይደል!»

ሌሎቹም እንደዚያው ሆኑ። የሊቀመንበሩ ልጅ ግን አውቆ መንቀራፈፍ አልሆነላትም፤ ዳገቱን እንደለመደችው በረረችበት። የኋላ ወንበሯ እስኪጠፋ ድረስ የአሸዋ ጆንያ ተቆለለባት።

«አባዬ፣ ሁሉም አውቀው ነው እኮ የተንቀራፈፉት! ዓይንህ እያየ!»

«ልጄ፣ ኮሚቴው የሚያየው ውጤት ነው።»

«ይህን ዋንጫ ካልወሰድኩ እኮ ውጭ አገር መወዳደሩ ቀረብኝ!»

«እሱማ ነው ጭንቁ። ለልጁ አደላ ቢሉኝስ?» አሉና አንድ ጆንያ ጨመሩባት። ልጅቷ በዚያ ምሽት ሻይዋን ሳትነካ ተኛች።

በውድድሩ ቀን ሰማዩ ኮሚቴውን ሳያማክር ዘነበ። ቁልቁለቱን ጨርሰው ሸለቆው ሲገቡ፣ ኮሚቴው ያቀለላቸው መኪኖች ሁሉ ጭቃው ላይ ጎማቸው ይሽከረከር ጀመር፤ ያጓራሉ እንጂ ንቅንቅ አይሉም። በመጨረሻ ባለጆንያዋ እያቃሰተች ደረሰች፤ እሷም ሰመጠች። ሊቀመንበሩ ጉብታው ላይ ጃንጥላቸውን ይዘው ሲያዩ፣ «በገዛ እጄ ቀበርኳት!» አሉ።

ልጅቷ ግን ወረደች። አንዱን ጆንያ ጎትታ ቀደደችና አሸዋውን ጎማዎቹ ሥር አፈሰሰችው። ሌላውንም ደገመች። ጆንያው ሲያልቅ መኪናዋ ቀለለች፣ መንገዱም ጠጠረ። ስትወጣ ኮንትራክተሩ በራስ ቁሩ ጭቃ እየዛቀ ነበር።

«አካፋ ይዘሻል?» ብሎ ጮኸባት።

«ጋሼ፣ እኔ የተፈቀደልኝ አሸዋ ብቻ ነው!» ብላው አለፈች።

ከውድድሩ በኋላ በተጠራው ስብሰባ ላይ ኮንትራክተሩ ጭቃው ከቅንድቡ ሳይለቅ ተነሣ።

«ዋንጫው ይነጠቅ! ይህ ዓይን ያወጣ አድልዎ ነው! ለልጃቸው አሸዋ እያደሉ፣ የእኔን አካፋ እንኳ ነጠቁኝ!»

ሊቀመንበሩ ዕድሜ ልካቸውን የሸሹት ቃል ነበር። ዋንጫውን መንጠቅ ግን አልተቻለም፤ ጆንያ ቀዶ ማፍሰስን የሚከለክል አንቀጽ ቢፈለግ ጠፋ። በዚህ ፋንታ ጉሮሯቸውን ጠርገው ታላቁን ውሳኔ አሰሙ፦

«ከመጪው ዓመት ጀምሮ ሁሉም መኪና እኩል አሸዋና አንድ አንድ አካፋ ይጭናል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ልጅቷ ዋንጫውን በብብቷ እንዳቀፈች እጇን አወጣች።

«አባዬ... ይቅርታ፣ ክቡር ሊቀመንበር፣ ሁሉም እኩል የሚጭን ከሆነ፣ ማንም ባይጭንስ?»

ኮንትራክተሩ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ፣ «ይቺ ልጅ መቼም ለራሷ የሚበጃትን ታውቃለች» አለ። ሊቀመንበሩ ልጃቸውን በኩራትና በድንጋጤ አዩዋት።

«ጥያቄው እጅግ ጥልቅ ነው። አጥኚ ኮሚቴ ይቋቋምለት።»

ተቋቋመለትም። ሰብሳቢ ሆኖ የተመረጠው ኮንትራክተሩ ነው። ልጅቷ ውጭ አገር ሄዳ ተወዳድራ፣ ተመልሳ፣ አግብታ ወልዳለች፤ አጥኚው ኮሚቴ ግን በሙከራው ዕለት ፍጥነት ዛሬም ዳገቱን እየወጣ ነው።