አክስቴና የንጉሡ ጥያቄ

ቴአትር ቤት ያለው ከተማ ሁሉ ከተዋናዮቹ በላይ የሚተውን አንድ ተመልካች አያጣም። የእኛ ድርሻ ክብርት አክስቴ ናት። "ኧረ ቴአትር ነው" ሲሏት፣ "ታዲያ ቴአትር ስለሆነ ይዋሻል?" ትላለች።

ለአክስቴ በዓለም ላይ ያለው ቴአትር አንድ ብቻ ነው፤ እሁድ ከሰዓት የሚታየው፣ ባሏ የተሰደደባት ልዕልት ታሪክ። በመጨረሻው ገቢር ንጉሡ፣ "ረስቼዋለሁ በይና ኑሪ" ይላታል። "አልረሳሁትም" ትላለች፤ ትሞታለች። አክስቴ ይህን ቃል ከሦስተኛው ረድፍ ሆና ከተዋናይቱ ቀድማ ስለምትናገረው፣ ንጉሡ በማን ላይ እንደሚፈርድ ግራ የገባው ቀን አለ።

የሰፈራችን ሴቶችም የሚለኩት በልዕልቲቱ ነው። ባሏ በሞተ በአራተኛው ዓመት ያገባችው ጎረቤታችን እስከ ዛሬ ከአክስቴ ሰላምታ አታገኝም። አክስቴ ይባስ ብላ አንድ ቀን ተዋናይቱን ፋርማሲ በር ላይ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ስትሳሳቅ አገኘቻትና፣ "ባልሽ በሰው አገር እየተንከራተተ?" አለቻት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተዋናይቱ፣ እግዜር ይስጣት፣ አንገቷን ደፍታ ወንድሟ መሆኑን ነገረቻት። አክስቴ ግን ልዕልቲቱ ወንድም እንደሌላት እየማለች ሳምንቱን ሙሉ ሰነበተች።

ስቄ ባለፍኩት ነበር፤ ግን አክስቴም የምትጠብቀው ሰው አላት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ሥራ ፍለጋ ሲሄድ መጥቼ እወስድሻለሁ አላት፤ እጠብቃለሁ አለችው። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት። ደብዳቤው በሁለተኛው ዓመት ቆመ። እናቴን ተክታ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ብቻዋን ስታረጅ ማየት አንጀቴን ይበላዋል።

ከቤታችን ፊት ለፊት ደግሞ አንድ ጨዋ ጫማ ሰፊ አለ፤ ሚስቱ ከሞተች ሰባት ዓመት ሆኗታል። የአክስቴን ጫማ ሳይቀደድ የሚጠግን ሰው ነው። "ጠይቅልኝ" እያለ መግቢያ መውጫ አሳጣኝ። እኔም እሺ እንድትለው ያልሞከርኩት የለም። በመጨረሻ ባለፈው እሁድ ሦስት ቲኬት ቆረጥኩና ጫማ ሰፊውን አጠገቧ አስቀመጥኩት።

ንጉሡ ጠየቀ። አክስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። ተዋናይቱ ሳትቀር ወደ እኛ ረድፍ ዞር ያለች መሰለኝ። በቃ፣ ተሳካ ብዬ ልቤ ጮቤ ረገጠ።

ስንወጣ ጫማ ሰፊው ደረጃው ላይ ኮፍያውን አወለቀና፣ ላብ እያጠመቀው፣ አብረን እንኑር ብሎ ራሱ ጠየቃት። አክስቴ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"ቅድም ንጉሡ ሲጠይቅ የዚያን ሰው መልክ ላስታውስ ብል እምቢ አለኝ" አለችው። "መልኩ ጠፍቶብኛል። ግን እጠብቃለሁ ብዬዋለሁ።"

ጫማ ሰፊው ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ።

"እንግዲያው እኔም እጠብቃለሁ" አላት። "የሚመጣው እሁድ ቦታዬ እንዳይያዝብኝ ብቻ።"

ጉድ ፈላ! አንዷን መጠበቅ ላስተው ሄጄ ሁለት ሆነው መጡብኝ። መንገዱን ስንሻገር ጫማ ሰፊው ወደ ኋላ ቀርቶ ስለነበር፣ አክስቴ እስኪደርስባት ቆማ ጠበቀችው።

እኔ ታክሲ አምስት ደቂቃ ከዘገየብኝ በእግሬ የምሄድ ሰው ነኝ። ከኋላቸው ሆኜ ስከተል ሳቄም ምክሬም ጠፋብኝ። እንዲህ ቆሞ የሚጠብቀኝ ሰው ገና አላገኘሁም፤ ግን ናፈቀኝ።