ከራሴ ጋር ያስታረቀኝ እርጥብ ሳር

ዛሬ ቤታችን ሽማግሌ መጣ!

ተረጋጉ፣ ለጋብቻ አይደለም። ቢሆንማ አሁን ከእናንተ ጋር ምን አስቀመጠኝ?

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት በለጠፍኩት የአዞ ሥዕል ነው። ስንት የለፋሁበት! አንዱ መጥቶ "እንሽላሊቷ ታምራለች" ብሎ ኮመንት ሰጠ። እናንተ ደግሞ ለእሱ ላይክ በላይክ! አላየችም ብላችሁ ነው?

አርባ ምንጭ ተወልዶ አዞ መሳል ያቃተው ሰው ምን ተስፋ አለው?

ስለዚህ በወጉ አዘንኩ። ፕሮፋይሌን ጥቁር አደረግኩ። "ይህች ከተማ አርት አይገባትም፤ ብሩሼን ሰቅያለሁ" ብዬ ፖስት አደረግኩ። ከቅዳሜው የወጣቶች ኤግዚቢሽንም ስሜን አሰረዝኩ። ከዚያ በሬን ዘግቼ ተኛሁ፤ ለምሳ ብቻ እየወጣሁ።

ታላቋ አርቲስት በስቃይ ላይ!

ጥቁሩን ፕሮፋይል ያየች አክስቴ ከጫኖ ደወለች። "ማን ሞተ?" እማዬም "ኧረ ማንም አልሞተም፣ ልጅቷ ከራሷ ጋር ተጣልታ ነው" አለቻት። ይህንኑ ለጎረቤትም ነገረች።

ጣጣው እዚህ ጋ ነው። እኛ ሰፈር ጸብ ተሰምቶ ሽማግሌ እቤቱ አይቀመጥም። ዛሬ ጠዋት በሬን ስከፍት ሦስት አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው ሳሎን ተቀምጠዋል።

እኔ በፒጃማ!

"ባላጋራሽ ማነው ልጄ?" አሉ ትልቁ፣ ጋሽ ጎዳና።

"ራሴ ነኝ።"

"እንግዲያው ሁለታችሁንም እንሰማለን።"

አንዳቸውም አልሳቁም። እኔም ዘረገፍኩት፤ ኮመንቱን፣ ላይኩን፣ እናንተን። ፌስቡክ የሌላቸው ሽማግሌዎች ፊት ስለ ላይክ አልቅሳችሁ ታውቃላችሁ?

"ሥዕሉን አምጪው" አሉኝ። ተቀባበሉት። ጋሽ ጎዳና አራቁት፣ አቀረቡት፣ ገለበጡት።

"እውነትም እንሽላሊት ነው።"

ይኸው! ማጽናኛ ማለት ይህ ነው!

"ግን ልጄ፣ ሰው እንዲያየው አይደለም የሳልሽው? ሰውየው አየ፣ ያየውን ተናገረ። አንቺ ለምን ትኮርፊያለሽ? ቅዳሜ ይዘሽው ሂጂ።"

ይህን ብለው ሳሩን ይዘው ተንበረከኩ። ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ በጋሞ እምቢ አይባልም። እኔ ግን ነውሩን ፈርቼ ብቻ አይደለም እሺ ያልኩት። ለእኔ ሥዕል ብሎ ከቤቱ የወጣ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም ነበር። "ይነሱልኝ አባባ፣ እሄዳለሁ" አልኩ፣ ንፍጤን እየጠረግኩ።

ስሜን መልሼ አስመዘገብኩ። አዞውም ቅዳሜ ይወጣል፤ እንደ እንሽላሊትነቱ።

ትምህርቱ? ማዘን ሲያምራችሁ ፕሮፋይላችሁን አትንኩ።

አንተ ባለ ኮመንቱ ግን፣ ትመጣለህ አይደል? ሳሩን አስቀምጬዋለሁ። በር ላይ ይዤልህ እቆማለሁ፤ እስቲ እምቢ በላ!