መስክ ወጥቼ አልጋ ላይ

ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ የክፍለ ሀገር ሆቴሎቻችን ክፍል ሲያዘጋጁ የሚያስቡት ለሚተኛ ሰው ብቻ ነው። ጠረጴዛ ተብሎ ጥግ ላይ የቆመው ነገር አንድ ውሃና የቴሌቪዥን ሪሞት ከያዘ ሞላ። ሶኬቱ ያለው ከአልጋው ራስጌ ጀርባ ነው። እንግዲህ እኔና መሰሎቼ "መስክ ወጣን" ብለን አበል ተቀብለን፣ ላፕቶፓችንን ጭናችን ላይ አስቀምጠን፣ ትራስ ተደግፈን የአገር ልማት የምናቅደው እዚህ አልጋ ላይ ነው። ዋይፋይ አለ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አለ ትባላላችሁ። ይሠራል ወይ ማለት ሌላ ጥያቄ ነው።

ባለፈው ዓመት የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር አሶሳ ያረፍኩበት ሆቴል ግን፣ ሐሰት ምን ያደርግልኛል፣ ዋይፋዩ ይሠራ ነበር። የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ዘሀራ ይባላሉ። በልጅነታቸው ከወሎ በሰፈራ መጥተው አሶሳ ላይ ያረጁ፣ የወሎ አነጋገራቸው ግን ያላረጀ ሴት ናቸው። ላፕቶፕ የያዘን ሰው ሁሉ "ኢንጅነር" ይሉታል፤ እኔም ሳልማር ተመረቅሁ።

ሥራዬ በኩርሙክ መንገድ ካሉ ቀበሌዎች የእጅ ፓምፕ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፈርላቸውን መርጦ ለአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ነበር። ቅርብ ቅርቡን አየሁ። አንዲት ቀበሌ ቀረች። ወደ እሷ ስንሄድ መንገዱን ያቋረጠ ጅረት ሞልቶ አገኘነው። ሾፌሩ ጅረቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እኔም እሱን አየሁ። ሁለታችንም ምሳ ሰዓት መድረሱን አስታወስንና ተመለስን።

ከዚያ በኋላ ክፍሌን ዘግቼ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር በላፕቶፕ ስብሰባ በስብሰባ ላይ ሆንኩ። ነገሩን እስቲ ከኮሪደሩ ሆናችሁ እዩት። አንድ ሰው በቀን በሩን ዘግቶ ይውላል። ለምግብ አይወርድም፣ ሻይ ብቻ ያዛል። ብቻውን ሆኖ "ትሰሙኛላችሁ? ኧረ የት ጠፋችሁ?" እያለ ይጮኻል። ክፍል የምታጸዳው ሴት ይህን ሰምታ ለወይዘሮ ዘሀራ ነገረች። እሳቸውም ሻይ ይዘው ገባ ብለው አዩኝ። አልጋ ላይ ነኝ፣ እግሬ ላይ ብርድ ልብስ አለ፣ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ተሰክቷል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? በአገራችን በቀን የተኛ ሰው ታሟል፤ ዘመድ የሌለው በሽተኛ ደግሞ የሰሚው ሁሉ ነው።

ዕቅዱ የሚዘጋበት ቀን ደረሰና አለቃዬ ስለዚያች ስለቀረችው ቀበሌ ጠየቀኝ። ከዕቅዱ ከወጣች ጉድጓዱ ለሌላ ይሰጣል፤ እሷ ደግሞ መቼ እንደምትታሰብ ፈጣሪ ይወቀው። እኔም በተረጋጋ ድምፅ፣ መንገዱ በጎርፍ ስለተቆረጠ ሊደረስባት እንዳልተቻለ፣ ከዚህ ዙር ብትወጣ እንደሚሻል በማስረዳት ላይ ነበርኩ። በሩ ተንኳኳ። ግቡ ሳልል ወይዘሮ ዘሀራ ገቡ፤ ከኋላቸው ከዘራ የያዙ ሽማግሌና ሁለት ጎረቤቶቻቸው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ በፌስታል ማንጎ ይዘው ተከተሉ። ድምፄን ዘጋሁ። ካሜራውን መዝጋት ግን ረሳሁ።

ሽማግሌው ሼህ አደም ይባላሉ፤ የሆቴሉ ማንጎ የሚመጣው ከእሳቸው ጓሮ ነው። ትናንት ልጃቸው ማንጎ ይዛ ስትመጣ ወይዘሮ ዘሀራ "አንድ የሰው አገር ሰው ታሞብኛል" ብለዋት ኖሯል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና በበርታ ለዛ በተቀመመ አማርኛ፣

"ሰው ብቻውን አይታመም" አሉኝ። "ብቻ ከሆነ በሽታው ይጨምራል። እኛ ለዚህ መጣን።"

አልታመምኩም አልኩ። አልታመምኩም የሚል በሽተኛን ማን ያምናል? ወይዘሮ ዘሀራ "አብሽር፣ ልጄ" ብለው ትራሴን አስተካከሉልኝ። ለወጉ ያህል ከየት እንደመጡ ጠየቅኋቸው። ሼህ አደም የቀበሌያቸውን ስም ነገሩኝ።

እሷው ናት።

"ጅረቱስ?" አልኩ።

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። "ውሃው እዚህ ነው። መኪና ይፈራል፤ ሰው ያልፋል።"

በዚህ መካከል አለቃዬ በማዳመጫው እነዚያ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ጠየቀኝ። ድምፄን ከፈትኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ኔትወርኩ እንዲቋረጥ ተመኘሁ፤ ቀጥ ብሎ ሠራ።

"ሊደረስባት አልተቻለም ካልኳት ቀበሌ የመጡ ናቸው" አልኩ። "ታሟል ተብለው ሊጠይቁኝ ነው።"

 አለቃዬ ዕቅዱ እንደማይዘጋ፣ ቀበሌዋን አይቼ እንድመለስ ነገረኝ። አፈርኩ። ሼህ አደም ዱዓ አድርገውልኝ ሲወጡ፣ ወይዘሮ ዘሀራ አለቃዬን ላፕቶፑ ላይ አይተው "ለካ ሥራ ላይ ነህ" አሉና፣ የጠየቀን ሰው አለመጠየቅ ነውር እንደሆነ አሳሰቡኝ። ጅረቱን አነሳሁባቸው። "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" አሉና ወደ ወጥ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ሾፌሩን ከነመኪናው ጅረቱ ዳር ትቼ፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ፣ ጫማዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ተሻገርኩ። ውሃው እንደተባለው ጉልበት ላይ ነው። ሴቶቹ ጄሪካን የሚሞሉትም ከዚያው ከድፍርሱ ጅረት ነበር። የቀበሌው ሰው ወጥቶ ተቀበለኝ፤ ስለ ጉድጓዱ ያነሳ ግን አልነበረም፤ ሁሉም የጠየቁኝ ተሽሎኝ እንደሆነ ነው። ቀበሌዋን በዕቅዱ ውስጥ አስገባኋት።

ስመለስ ዝናብ ያዘኝ፤ ማታውን ትኩሳት ጀመረኝ። በነጋታው በእውነት ታምሜ በሬን ዘግቼ ተኛሁ። አንድ ሰው ቢያንኳኳ ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ሰማሁ፤ ደስ አለኝ። ኮቴው በሬ ጋ ሲደርስ የወይዘሮ ዘሀራ ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ።

"አታንኳኳ ልጄ፣ ተመለስ። አልታመመም፤ ሥራ ላይ ነው።"