የጋሽ አየነው ቀጭን ዘይት

ሳይጠየቅ የሚመክር ሰው የሌለበት ሰፈር የለም፤ ቢጠፋ እንኳ ቀበሌው ራሱ ይመድባል። ለእኛ ለድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ሰዎች የተመደቡልን ክቡር ጋሽ አየነው ነበሩ፤ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ የሞተር ዘይት ሊቀ ሊቃውንት።

ምክራቸው ከሰው ጋር ብቻ ቢሆን ባልከፋ። እሳቸው የሚነጋገሩት ከሞተሩ ጋር ነው። ጎህ ሲቀድ፣ በዚያ ወበቅ ካፖርት ደርበው፣ ከቆሙት መኪኖች መሃል ድንገት ብቅ ይላሉ። ኮፈኑን በቀለበታቸው ኳ ኳ ያደርጉና «ባለቤት አለ?» ይላሉ። ከዚያ ጆሯቸውን ለጥፈው ይጠብቃሉ። አንዳንዴም መልስ እንዳገኘ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አንድ ጠዋት የሙስአብን ባጃጅ አዳመጡና «ይቺ እየተሰናበተች ነው» ብለው ሄዱ። ቀትር ሳይደርስ ባጃጇ አደባባዩ ላይ ደርቃ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ካፖርታቸውን ያየ ሾፌር ገሚሱ ያማትባል፣ ገሚሱ ቢስሚላሂ ይላል።

ሉቅማን ግን ይሰለቻቸው ነበር እንጂ አይፈራቸውም። የሚኒባስ ሾፌር ነው። ሚስቱ ናሲሞ የበኩር ልጇን ለመውለድ ስለተቃረበች፣ እንደ ወጉ እናቷ ዘንድ ቁልቢ ሊያደርሳት፣ እስክትገላገልም አብሯት ሊሰነብት ተሰናዳ። ይህን የሰሙ ዕለት ጋሽ አየነው መንገድ ዘጉበት።

«ምን ዘይት ነው ያለው?»

«ሃያ ሃምሳ ነዋ! ድሬ ላይ ሌላ ምን ይገባል?»

«ፊተኛው ቁጥር የብርዱ ነው፣ ኋለኛው የሙቀቱ። እናንተ ኋለኛውን ብቻ ነው የምታነቡት። ቁልቢ ሲነጋ ይሄ ዘይት ይወፍራል፤ ማስነሻው ሞተሪኖ አይችለውም። ፊቱ ያነሰ፣ ቀጭን አስገባ።»

«አቦ ጋሽ አየነው፣ ተወኝ እስቲ! ቀጭን ዘይት ሞተር ያስበላል።» ድሬ ለማንም አንቱ አትልም፤ ለሊቅም ቢሆን።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ኮፈኑን ኳ ኳ አደረጉ፣ አዳመጡ፣ ፊታቸው ጠቆረ። «ይሄ ብርድ ያየ ዕለት አይመልስም» አሉና ካፖርታቸውን ሰብስበው ሄዱ።

በዚያው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጋሽ አየነው ከተኙበት ሳይነሱ ቀሩ። ሉቅማን ድንኳን ተከለ፣ አስከሬን ተሸከመ፣ ለራሱም እስኪገርመው አለቀሰ። ሰኞ ናሲሞን አሳፍሮ የደንገጎን ዳገት ወደ ደጋው ወጣ።

ቁልቢ ጥቂት እንደሰነበቱ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ናሲሞ ጮኸች። ደም አይታለች። አማቱ «ይሄ ከእኔ አቅም በላይ ነው፣ ሆስፒታል አድርሳት!» ብለው ገፉት። ደጁ በጉም ተውጧል፤ ሣሩ ላይ አመዳይ ወርዷል። አንድ የድሬ ነጋዴ ጎመን ሊጭን ያሳደረው ፒካፕ ከአጥሩ ማዶ ሊነሳ ይታገላል። እህ... እህህ... አለና ጭጭ። ዘይቱ የድሬ ነዋ!

ሉቅማን መሪው ላይ ተቀምጦ ቁልፉን ማዞር አቃተው። አይመልስም ያሉት ይሄንን ነው። በቃ፣ በገዛ እልሄ ሚስቴን ገደልኳት፣ አለ በሆዱ።

ያኔ ኮፈኑ ኳ ኳ አለ።

ቀለበት በቆርቆሮ ላይ። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ፣ ዝግ ያለ፣ የሚያውቀው ድምፅ፦ «ባለቤት አለ?»

ፀጉሩ ቆመ። ከኮፈኑ ፊት ማንም የለም። አማቱ ናሲሞን ደግፈው ገና ከበር እየወጡ ነው። «አለ!» ብሎ ጮኸና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሳያቅማማ ተነሳ።

ናሲሞ ድሬ ሆስፒታል ገብታ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ሁለቱም ተረፉ። ሉቅማን ግን እንቅልፍ አጣ። ወደ መካኒኩ ወደ ሚክዳድ ጋራዥ ሄዶ «ዘይቱን አውርድልኝና ልየው» አለው።

ሚክዳድ ሳቀ። «ምን ያስወርድሃል? ያን አርብ መኪናዋን ለፍሬን ጥገና እኔ ጋ ትተህ ጁምዓ ስትሄድ ጋሽ አየነው መጥቶ ቀጭን አስቀየረኝ እኮ! 'አሁን እንዳትነግረው፣ ይጣላኛል፤ ሚስቱ በሰላም ስትወልድ ትነግረዋለህ' አለኝ። ወላሂ፣ በማግስቱ ነው የሞተው።»

«እና ኮፈኑን ማን መታው?»

«የቱን ኮፈን?»

ሉቅማን ወደ ጋራዡ ደጃፍ ወጣ። ሲሸሻቸው የኖረውን ሽማግሌ እዚያው ቆሞ ክፉኛ ናፈቃቸው።

ዛሬ ሳቢያን ሌላ መካሪ ተመድቦላታል። ጠዋት ጠዋት «ፊተኛውን ቁጥር አንብብ!» እያለ የሾፌር መንገድ የሚዘጋው ሉቅማን ነው፤ ሰዉም ይሸሸዋል። የራሱን ኮፈን ሳያንኳኳ ቁልፍ አያዞርም። ድሬ ላይ መልስ ሰምቶ አያውቅም።

አማቱን ጠይቆ ቁልቢ ያደረ ጠዋት ግን አያንኳኳም። ናሲሞና ልጅቷ ከኋላ ተጠቅልለው፣ እሱ መሪውን ይዞ፣ ጉሙ ውስጥ ወደ ኮፈኑ ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቃል። ከዚያ ድንገት ፊቱ ይፈካና «አለን፣ ጋሼ» ይላል፤ ቁልፉን ያዞራል።